የጥናቱ ቸኮሌትና በእጃችን ያለው ቸኮሌት

እ.ኤ.አ. በ2015 (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) መጀመሪያ ላይ ጀርመን ውስጥ አሥራ አምስት ሰዎች ለሦስት ሳምንታት በየቀኑ ሚዛን ላይ ሲወጡ ሰነበቱ። በሦስት ቡድን ተከፍለው ነበር። አንደኛው ቡድን ዳቦና ፓስታን የመሳሰሉ ምግቦችን ቀነሰ፤ ሁለተኛው ያንኑ እያደረገ በየቀኑ 42 ግራም ጥቁር ቸኮሌት ጨመረበት፤ ሦስተኛው እንደ ወትሮው በላ። በመጨረሻም ቸኮሌት የበላው ቡድን ክብደቱን 10 በመቶ ያህል ፈጥኖ ቀነሰ ተባለ። ጽሑፉ ከጸሐፊዎች ክፍያ ተቀብሎ በሚያትም አንድ የሕክምና መጽሔት ላይ ወጣ፣ ቢልድ የተባለው የጀርመን ጋዜጣ በፊት ገጹ አወጣው፣ ከዚያም ቸኮሌት ያከሳል የሚለው ዜና ከአገር አገር፣ ከቋንቋ ቋንቋ ተዛመተ።

በዚያው ዓመት ግንቦት ወር የጥናቱ መሪ ተብሎ የቀረበው ሰው እውነቱን ተናገረ። ስሙ ጆን ቦሃኖን፣ ሥራው የሳይንስ ጋዜጠኝነት ነበር። ጥናቱን አካሄደ የተባለው ተቋም ከድረ ገጽ በቀር ምንም አልነበረውም። ሰዎቹ ግን እውነተኛ ሰዎች ነበሩ፤ ሚዛኑም እውነተኛ ሚዛን ነበር፤ ቁጥሮቹንም ማንም አልፈበረካቸውም። ማታለያው ያለው ሌላ ቦታ ነው። በእነዚያ አሥራ አምስት ሰዎች ላይ የተለካው አሥራ ስምንት ዓይነት ነገር ነበር፤ ክብደት፣ ኮሌስትሮል፣ በደም ውስጥ ያለ ሶዲየም፣ የእንቅልፍ ጥራት፣ የደኅንነት ስሜት፣ ሌላም ሌላም። በምርምር ዓለም አንድ ልዩነት ትርጉም አለው የሚባለው በአጋጣሚ ብቻ የመከሰት ዕድሉ ከ5 በመቶ በታች ሲሆን ነው። አንድ ነገር ብቻ የለካ ተመራማሪ በአጋጣሚ የመሳሳት ዕድሉ ጠባብ ነው። አሥራ ስምንት ነገር የለካ ግን ቢያንስ በአንዱ ላይ የሌለ ልዩነት የማየት ዕድሉ ወደ 60 በመቶ ይደርሳል። ዕጣው በክብደት ላይ ወደቀ። በእንቅልፍ ላይ ወድቆ ቢሆን ኖሮ ቸኮሌት እንቅልፍ ያሻሽላል የሚል ዜና እናነብ ነበር።

ቦሃኖን ይህን ያደረገው የአመጋገብ ዜና እንዴት እንደሚመረት ለማሳየት ነው፤ አሳይቷልም። እኔን የሚያሳስበኝ ግን የእርሱ ማታለል ብቻ አይደለም። ያለ ምንም ተንኮል፣ በቅን ልቦና የተሠሩ ጥናቶችም ወደ አንባቢው ሲደርሱ ተመሳሳይ ቅርጽ ይይዛሉ። ለዚህ ዋናው ምክንያት «ቸኮሌት» የሚለው አንድ ቃል እጅግ የተለያዩ ነገሮችን መሸከሙ ነው። ጥናቱ የሚናገረው ስለ አንዱ፣ እኛ የምንበላው ሌላውን ነው።

ነገሩን ከፍሬው ልጀምር። የኮኮዋ ፍሬ ከቅርፊቱ ከወጣ በኋላ ለቀናት እንዲብላላ ይደረጋል፣ ይደርቃል፣ ይቆላል፣ ይፈጫል። ከክብደቱ ግማሽ ያህሉ ስብ ነው፤ የኮኮዋ ቅቤ የሚባለው ይኸው ነው። የቀረው ክፍል መራራውን ጣዕም፣ ጥቁር ቀለሙንና የጤና ዜናዎቹ ሁሉ የሚያወሩላቸውን ፍላቫኖል የተባሉ ውህዶች ይዟል። ነጭ ቸኮሌት ከኮኮዋ የሚወስደው ቅቤውን ብቻ ስለሆነ ፍላቫኖል የለውም ማለት ይቻላል። የወተት ቸኮሌት ጥቂት አለው፤ ከ100 ግራሙ ግን ግማሽ ያህሉ ስኳር ነው። ከ70 እስከ 85 በመቶ ኮኮዋ ያለው ጥቁር ቸኮሌት ስኳሩ ወደ 24 ግራም ይወርዳል፤ ካሎሪው ግን ወደ 600 ይጠጋል፣ ከወተቱ ቸኮሌትም ይበልጣል። ጥቁር ቸኮሌት አያወፍርም የሚለው እምነት እዚህ ላይ ይፈርሳል። ስኳሩ ሲቀንስ ቦታውን የሚይዘው በአብዛኛው ስብ ነው፤ በግራም ሲሰላ ደግሞ የስብ ካሎሪ ከስኳር ካሎሪ ከእጥፍ በላይ ነው።

ቸኮሌት ለልብ ይበጃል የሚለው እምነት ከሁሉም በላይ ሥር የሰደደ ነው፤ ከሁሉም በላይ መሠረት ያለውም እርሱ ስለሆነ ረዘም ያለ ቦታ ልስጠው። ታሪኩ በፓናማ የካሪቢያን ዳርቻ በሚገኙት የሳን ብላስ ደሴቶች ይጀምራል። በዚያ የሚኖሩት የኩና ሕዝቦች ዕድሜያቸው ቢገፋም የደም ግፊታቸው እንደሌላው ሰው ከፍ እንደማይል ተስተዋለ። ወደ ፓናማ ከተማ የፈለሱት ዘመዶቻቸው ግን ይህን ጥቅም አጡ። የሃርቫርዱ ሐኪም ኖርማን ሆለንበርግ ጉዳዩን ሲያጠኑ ደሴተኞቹ ኮኮዋ በብዛት እንደሚጠጡ ተመለከቱ፤ ጥርጣሬያቸውም ወደ ፍላቫኖል አመራ። ከደሴት ወደ ከተማ የሄደ ሰው የሚቀይረው የሚጠጣውን ብቻ አይደለምና ይህ ብቻውን ማስረጃ አይሆንም። መነሻ ሐሳብ ግን ሆነ፤ ከዚያ በኋላ የመጡት ሙከራዎችም ሐሳቡ ከንቱ እንዳልነበረ አሳይተዋል። ፍላቫኖሎች የደም ሥር ውስጠኛ ግድግዳ ናይትሪክ ኦክሳይድ የተባለውን ውህድ በብዛት እንዲያመነጭ ያግዛሉ፤ ይህ ውህድ ደግሞ የደም ሥሩን ያላላል።

ታዲያ የደም ግፊት ምን ያህል ይቀንሳል? በ2017 ኮክሬን የተባለው የሕክምና ጥናቶችን የሚመዝን ድርጅት ገምጋሚዎች 35 ሙከራዎችን በአንድ ላይ መዝነው በአማካይ ወደ 1.8 ሚሊሜትር ሜርኩሪ የሚጠጋ ቅናሽ አገኙ። ግፊቱ 150 የሆነ ሰው ወደ 148 ወረደ እንደማለት ነው። ሙከራዎቹ ከጥቂት ወራት የዘለሉ አልነበሩም፤ ተሳታፊዎቹም በፍላቫኖል የበለጸጉ ምርቶችን የወሰዱ ናቸው። ይህ ቁጥር መድኃኒቱን ትቶ ጥቁር ቸኮሌት ለሚያላምጥ የደም ግፊት ሕመምተኛ ምን እንደሚነግረው ግልጽ ይመስለኛል። እንዲህ የሚያደርጉ ሰዎች መኖራቸው ነው ይህን ጽሑፍ እንድጽፍ የገፋፋኝ።

ትልቁ ፈተና የመጣው በ2022 ነው። ኮስሞስ የተባለው ሙከራ አሜሪካ ውስጥ 21,442 በዕድሜ የገፉ ሰዎችን አሳትፎ በአማካይ ሦስት ዓመት ተኩል ያህል ተከታተለ። ግማሾቹ በየቀኑ 500 ሚሊግራም የኮኮዋ ፍላቫኖል ያለበት እንክብል፣ ግማሾቹ ባዶ እንክብል ዋጡ። የልብና የደም ሥር ሕመሞች ሁሉ ተደምረው ሲታዩ በፍላቫኖል ወሳጆቹ ዘንድ 10 በመቶ ያህል አነሱ፤ ሆኖም ይህ ልዩነት በአጋጣሚ ሊመጣ ከሚችለው ተለይቶ አልታየም። በልብና በደም ሥር ሕመም ምክንያት የሚደርሰው ሞት ግን በ27 በመቶ አነሰ። ይህ ከሙከራው ዋና ጥያቄ ውጭ የሆነ ሁለተኛ ደረጃ መለኪያ ስለነበር ተስፋ ሰጪ ነው፣ ደምዳሚ ግን አይደለም። ከገንዘብ ምንጮቹ አንዱ ቸኮሌት አምራቹ የማርስ ኩባንያ ክፍል መሆኑንም አንባቢ ማወቅ አለበት። ኩባንያው በፍላቫኖል ምርምር ላይ ለብዙ ዓመታት ገንዘብ ሲያፈስ ቆይቷል። ሥራውን ውሸት አያደርገውም፤ የትኛው ጥያቄ እንደሚጠየቅና የትኛው ውጤት ጎልቶ እንደሚነገር ግን ገንዘብ ሰጪ ድርሻ አለው።

ከዚህ ሁሉ የሚበልጠው ነጥብ ሌላ ነው፤ ሙከራው የተካሄደው በእንክብል ነው። ስኳር፣ ስብና ወተት በውስጡ አልነበሩም። አንድ ጋዜጣ ይህን ውጤት ከተቆረሰ ቸኮሌት ፎቶግራፍ ጋር ሲያትም ያልተጠናውን ነገር እንደተጠና አድርጎ ማቅረቡ ነው። የቁጥጥር ተቋማት በዚህ ረገድ ከዜና ሰዎች ይልቅ ተጠንቅቀዋል። የአውሮፓ የምግብ ደኅንነት ባለሥልጣን በ2012 በቀን 200 ሚሊግራም የኮኮዋ ፍላቫኖል ለደም ሥር መለጠጥ ይረዳል የሚለውን አባባል ተቀበለ። የአሜሪካው የምግብና መድኃኒት አስተዳደር ደግሞ በ2023 ስለ ልብ ሕመም የሚነገረውን የፈቀደው ቢያንስ 4 በመቶ ፍላቫኖል ላለው የኮኮዋ ዱቄት ብቻ ነው፤ ማስረጃው እጅግ ውስን መሆኑ አብሮ እንዲጻፍም አዟል። ተራው ቸኮሌት በዚህ ፈቃድ ውስጥ የለም።

ባለፈው ሳምንት ሁለት ጥቁር ቸኮሌቶችን ጠረጴዛዬ ላይ ጎን ለጎን አስቀምጬ መጠቅለያቸውን አነበብኩ። ሁለቱም ላይ 70 በመቶ የሚል ቁጥር በጉልህ ታትሟል። በአንደኛው ጀርባ ላይ፣ ለማንበብ ወደ መስኮት ጠጋ ማለት በሚያስፈልጋት ደቃቅ ጽሑፍ፣ ኮኮዋው በአልካሊ የተዘጋጀ መሆኑ ተጽፏል። ሁለተኛው ላይ ይህ የለም። ስቀምሳቸው ባለ አልካሊው ለስለስ ያለ፣ ከምሬት የራቀ ነበር፤ ቀለሙም ይበልጥ ይጠቁራል። አልካሊ አሲድን የሚያበርድ ውህድ ነው፤ የሚጨመረውም ለዚሁ ነው። ዘዴው ከአሥራ ዘጠነኛው ክፍለ ዘመን ሆላንድ የመጣ ሲሆን የኮኮዋውን ጎምዛዛነት ያበርዳል። ነገር ግን ፍላቫኖሉንም ይዞ ይሄዳል። ተመራማሪዎች የኮኮዋ ዱቄቶችን ሲለኩ ያልተነካው በአማካይ በግራም ወደ 35 ሚሊግራም፣ በብርቱ አልካሊ የተዘጋጀው ወደ 4 ሚሊግራም ፍላቫኖል ነበረው። በመጠቅለያ ላይ ያለው መቶኛ የሚናገረው ከኮኮዋ የመጣው ክፍል ምን ያህል እንደሆነ ነው፤ ቅቤውም እዚያው ውስጥ ይቆጠራል። በውስጡ ምን ያህል ፍላቫኖል እንደተረፈ ከቶ አይናገርም። ጥቁረቱም አይናገርም፤ እንዲያውም እንዳየነው እጅግ የጠቆረው ብዙ ያጣው ሊሆን ይችላል።

ስለ ስኳር በሽታም ተመሳሳይ ግራ መጋባት አለ። በ2024 መጨረሻ የሃርቫርድ ተመራማሪዎች በሳምንት አምስት ጊዜና ከዚያ በላይ ጥቁር ቸኮሌት የሚበሉ ሰዎች ፈጽሞ ከማይበሉት ወይም አልፎ አልፎ ከሚበሉት ይልቅ በሁለተኛው ዓይነት የስኳር በሽታ የመያዝ ዕድላቸው 21 በመቶ ያነሰ ሆኖ እንዳገኙ አሳተሙ። የወተት ቸኮሌት ይህን አላሳየም፤ ከክብደት መጨመር ጋር ግን ተያይዟል። ጥናቱ ሰዎች የሚበሉትን እየጠየቀ ለዓመታት የተከታተለ ነው፤ እንዲበሉ አላደረገም። ጥቁር ቸኮሌት የሚመርጥ ሰው በሌላውም አመጋገቡ የተጠነቀቀ ሊሆን ይችላል፤ ተመራማሪዎቹ ይህን በስሌት ለማጣራት ቢጥሩም ሙሉ በሙሉ ማጣራት አይቻልም። በአንጻሩ በኮስሞስ ሙከራ ውስጥ ፍላቫኖሉን በእንክብል የዋጡት ሰዎች በስኳር በሽታ ከመያዝ አልዳኑም። ሁለቱን አንድ ላይ ያነበበ ሰው የሚይዘው ግንዛቤ አንዱን ብቻ ካነበበው በጣም ይለያል። ሁለት ነገሮች አብረው መሄዳቸው አንዱ የሌላው ምክንያት መሆኑን እንደማያሳይ ሌላም ምሳሌ አለ። በ2012 አንድ ሐኪም የ23 አገሮችን የቸኮሌት ፍጆታ ከኖቤል ተሸላሚዎቻቸው ብዛት ጋር አነጻጽሮ ሁለቱ አብረው እንደሚሄዱ በታወቀ የሕክምና መጽሔት ላይ አሳይቶ ነበር። ቸኮሌት የሚገዛም፣ ቤተ ሙከራ የሚገነባም ሀብታም አገር ነው።

አሁን ቸኮሌት ያለ ጥፋቱ ወደሚወቀስባቸው ነገሮች ልለፍ። ብጉር ቀዳሚው ነው። በ1969 የታተመ አንድ ሙከራ 65 ሰዎችን ለአንድ ወር ያህል ብዙ ኮኮዋ ያለበት ቸኮሌት፣ ለሌላ ወር ደግሞ ኮኮዋ የሌለበት መሰል ጣፋጭ አብልቶ በብጉራቸው ላይ ልዩነት አላገኘም። ለብዙ ዓመታትም ሐኪሞች ይህን ይዘው ቸኮሌትን ነጻ አወጡ። ችግሩ መሰሉ ጣፋጭ ስኳሩና ስቡ ከቸኮሌቱ የማይተናነስ መሆኑ ነው። ስለዚህ ሙከራው ኮኮዋን ነጻ ቢያወጣም ስኳሩን አልመረመረም። በኋላ የመጡ ጥናቶች በደም ውስጥ ስኳርን ቶሎ ከፍ የሚያደርግ አመጋገብ በአንዳንድ ሰዎች ላይ ብጉርን እንደሚያባብስ ይጠቁማሉ። የፊቱ ነገር የሚያሳስበው ወጣት ቸኮሌቱን ትቶ ለስላሳ መጠጡን ቢቀጥል ብዙም እንደማይጠቀም ከዚህ መረዳት ይቻላል። በጥርስም ላይ ነገሩ ያው ነው፤ አፍ ውስጥ ያሉ ባክቴሪያዎች አሲድ የሚሠሩት ከስኳሩ ነው፣ ኮኮዋው ለእነርሱ ምግብ አይደለም።

ማይግሬን ግን የሚገርም ታሪክ አለው። ራስ ምታታቸውን ቸኮሌት እንደሚቀሰቅስባቸው የሚምሉ ሰዎች ብዙ ናቸው፤ የሚናገሩትም ያዩትን ነው። በልተዋል፣ ከዚያም ታመዋል። በ1997 በታተመ ሙከራ ግን 63 ሴቶች ምን እንደሚበሉ ሳያውቁ ቸኮሌትና ካሮብ የተባለው መሰሉ ሲሰጣቸው በሁለቱ መካከል ልዩነት አልታየም። አንዱ አሳማኝ ማብራሪያ ቅደም ተከተሉን ይገለብጠዋል። ማይግሬን ሕመሙ ከመጀመሩ ሰዓታት፣ አንዳንዴም አንድ ቀን አስቀድሞ በአንጎል ውስጥ ይነሳል፤ በዚያ ጊዜ ማዛጋት፣ ድካምና ጣፋጭ የማሰኘት ስሜት ይመጣል። ሰውየው ቸኮሌት የሚያምረው ማይግሬኑ ስለጀመረው ነው፤ ከበላ በኋላ ሕመሙ ሲመጣ ጥፋተኛው ቸኮሌቱ ይመስለዋል። ይህን ማወቅ ጥቅም አለው፤ ድንገተኛው አምሮት ራሱ መድኃኒትን በጊዜ ለመውሰድ ማስጠንቀቂያ ሊሆን ይችላልና።

አምሮትን ካነሳሁ አይቀር፣ ቸኮሌት እንደ አደንዛዥ ዕፅ ሱስ ያስይዛል ስለሚባለው አንድ የ1994 ሙከራ ልጥቀስ። ተሳታፊዎቹ ቸኮሌት ክፉኛ ሲያምራቸው የሚከፍቱት ሳጥን ተሰጣቸው። በአንዱ የወተት ቸኮሌት፣ በሌላው ነጭ ቸኮሌት፣ በሌላው ደግሞ በኮኮዋ ዱቄት የተሞላ እንክብል አለ። አምሮቱን በሚገባ ያበረደው የወተት ቸኮሌቱ ነው። ነጩ በከፊል አበረደው። በኮኮዋ ውስጥ ያሉትን ካፌይንና ቴዎብሮሚን የተባሉ አነቃቂ ውህዶች ሁሉ የያዘው እንክብል ግን ምንም ካለመውሰድ አልተሻለም። አምሮቱ የሚያሳድደው ኬሚካል ቢሆን ኖሮ እንክብሉ ይበቃው ነበር። የሚፈለገው ምላስ ላይ ያለው ነገር ነው፤ ጣፋጩ፣ መዓዛውና በአፍ ሙቀት የሚቀልጠው ቅቤ። ካፌይኑም ቢሆን ብዙ አይደለም። በ50 ግራም ጥቁር ቸኮሌት ውስጥ 25 ሚሊግራም ያህል፣ በዚያው መጠን የወተት ቸኮሌት ውስጥ 10 ሚሊግራም ያህል አለ፤ አንድ ኩባያ የተጣራ ቡና 90 ገደማ ይይዛል። ፍቅርን ያነሳሳል የሚባልለት ፌኒልኤቲላሚን የተባለ ውህድ ደግሞ አንጎል ጋር ሳይደርስ ሰውነት ውስጥ በኢንዛይም ይፈራርሳል።

ባዘቦት ቀን የማየው አንድ ስህተትም አለ። ሙቀት ያገኘው ቸኮሌት ቆይቶ ሲከፈት ፊቱ ላይ አመድማ ሽፋን ይታያል፤ ብዙ ሰው ሻገተ ብሎ ይጥለዋል። በጣት ቢነኩት ስቡ ሙቀቱ አግኝቶት ወዲያው ይለሰልሳል፣ ሽፋኑም ይጠፋል። ቀልጦ ወደ ላይ የወጣና እንደገና የረጋ የኮኮዋ ቅቤ ነው። እርጥበት ካገኘው ደግሞ ስኳሩ ነው የሚወጣው፤ ያኔ ሲነካ ሻካራ ይሆናል። ሁለቱም ጣዕሙን ያበላሹ ይሆናል እንጂ አይጎዱም።

በአንጻሩ ሰዎች ሊጨነቁበት የሚገባው ነገር ብዙ ጊዜ አይነገርም። በታኅሣሥ 2022 ኮንሱመር ሪፖርትስ የተባለው የአሜሪካ የሸማቾች ድርጅት 28 ጥቁር ቸኮሌቶችን አስመርምሮ በሁሉም ውስጥ ካድሚየምና ሊድ የተባሉ መርዛማ ብረቶችን አገኘ። ከእነርሱ 23ቱ በቀን 28 ግራም ያህል ቢበሉ የካሊፎርኒያ ግዛት ካስቀመጠው ጥብቅ ገደብ በአንዱ ብረት ወይም በሁለቱም ያልፋሉ። ሁለቱ ብረቶች የሚገቡበት መንገድ የተለያየ ነው። ካድሚየምን ዛፉ ራሱ ከአፈሩ በሥሩ ይስበዋል። ሊድ በአብዛኛው የሚመጣው ከአዝመራ በኋላ ነው፤ ፍሬው ሜዳ ላይ ተሰጥቶ ሲደርቅ አቧራው ልጣጩ ላይ ያርፋል። ስለዚህ ሊዱን በንጹሕ ማድረቂያ መቀነስ ይቻላል፤ ካድሚየሙ ግን የአፈር ጉዳይ ስለሆነ ይከብዳል። የአውሮፓ ኅብረት ከ2019 ጀምሮ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ኮኮዋ ባለው ቸኮሌት ላይ በኪሎ 0.80 ሚሊግራም የካድሚየም ጣሪያ አስቀምጧል። ካድሚየም ኩላሊት ውስጥ ለአሥርተ ዓመታት ይከማቻል፤ ሊድ የሕጻናትን አንጎል ይጎዳል። አልፎ አልፎ ለሚቀምስ ጤነኛ ጎልማሳ ይህ የሚያስፈራ አይደለም። ለነፍሰ ጡርና ለትንንሽ ልጆች ግን በየቀኑ ጥቁር ቸኮሌት ለጤና ተብሎ መሰጠቱ ትክክል አይመስለኝም። ኮኮዋው በበዛ ቁጥር ብረቱም ይበዛልና ለጤና ብሎ እጅግ ጥቁሩን የሚመርጠው ሰው ነው ይበልጥ የሚጋለጠው። ደም ማነስ ላለባት እናትም የቸኮሌቱ አይረን ተብሎ ይመከራል፤ አይረኑ በእርግጥ አለ፣ ነገር ግን ከዚያው ከኮኮዋ የሚመጡት፣ ፍላቫኖልን የሚጨምሩት ፖሊፌኖል የተባሉ ውህዶች ይዘውት ሰውነት እንዳይመጠው ያደርጋሉ።

በመጨረሻ፣ ተረት እየመሰላቸው ብዙዎች የማይቀበሉትን አንድ እውነት ላንሳ። ቸኮሌት ውሻን ይገድላል። የሚመርዘው ቴዎብሮሚን ነው። የሰው ሰውነት ከውሻ ይልቅ ፈጥኖ ያስወግደዋል፤ በውሻ ደም ውስጥ ግን ግማሹ እንኳ እስኪወጣ 17 ሰዓት ተኩል ያህል ይወስዳል። በውሻው ክብደት በኪሎ 20 ሚሊግራም ሲደርስ ማስታወክና መቁነጥነጥ ይጀምራል፤ ከ40 እስከ 50 ሲደርስ ልብን ያውካል፤ 60 ላይ መንቀጥቀጥ ያስከትላል። በአንድ ግራም የወተት ቸኮሌት ውስጥ 2 ሚሊግራም ያህል፣ በጥቁሩ 5 ያህል፣ በኮኮዋ ዱቄት ውስጥ ከ20 በላይ አለ። አምስት ኪሎ ለምትመዝን ትንሽ ውሻ ሃያ ግራም ጥቁር ቸኮሌት የመጀመሪያውን ምልክት ያመጣል። ባለፈው ጊዜ በልታ ምንም አልሆነችም የሚለው ወሬ የሚሰማው ብዙ ጊዜ የተበላው የወተት ቸኮሌት ስለነበረ ነው። ምልክቱ ከተበላ ሰዓታት ቆይቶ ስለሚታይ፣ ባለቤቱ የበላችውን ዓይነትና መጠን ለማወቅ መጠቅለያውን ይዞ ምልክቱን ሳይጠብቅ ወደ እንስሳት ሐኪም መሄድ አለበት።